«ስታርት ዩር ቢዝነስ» ለወጣቶች፦ ስሌቱ ጠንካራ፣ የገበያ ጥናቱና ክትትሉ ደካማ

የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት (አይ ኤል ኦ) የሥራ ፈጠራ ሥልጠና በአራት ጥቅል የተከፈለ ነው፦ ሐሳብ ለሌለው፣ ሐሳብ ይዞ ላልጀመረ፣ ጀምሮ አሠራሩን ማሻሻል ለሚፈልግና ሥራውን ሊያሰፋ ለተነሣ። «ስታርት ዩር ቢዝነስ» ሁለተኛው ነው። አብዛኛውን ጊዜ አምስት ቀን ገደማ ይወስዳል፤ ሠልጣኙም የራሱን የንግድ ዕቅድ ጽፎ ይወጣል። ምልመላው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ያለ ሐሳብ የገባ ወጣት አጠገቡ የተቀመጠውን ሐሳብ ቀድቶ ይወጣልና፣ እንዲህ ያለውን አስቀድሞ በመጀመሪያው ጥቅል ማሳለፍ ይሻላል።

የሥልጠናው ትልቁ ሀብት የወጪ ስሌቱ ነው። ወጣት ጀማሪዎች ዋጋ የሚተምኑት ጎረቤት ሻጭን አይተው ነው። አንድ ዕቃ ለመሥራት ጥሬ ዕቃው 40 ብር፣ የሠራተኛው ድካም 15 ብር ቢፈጅ፣ 65 የሸጠው ወጣት 10 ያተረፈ ይመስለዋል። ኪራይ፣ መብራት፣ ትራንስፖርትና የመሣሪያ እርጅና በወር 9,000 ከሆኑና 600 ዕቃ ካመረተ ግን በእያንዳንዱ ላይ 15 ይጨመራል። እውነተኛው ወጪ 70 ነው፤ ስለዚህ በወር 3,000 ይከስራል። ምርቱ ወደ 450 ቢወርድ ወጪው 75 ይደርሳል። ይህን በራሱ ቁጥር የሠራ ሰው ዳግመኛ በግምት አይሸጥም። ብዙዎች የሚረሱት የራሳቸውን ደመወዝ ነው፤ አሠልጣኙ ይህን መስመር ባዶ አይቶ ማለፍ የለበትም።

የገንዘብ ፍሰት ዕቅዱም እንዲሁ ጠቃሚ ነው። በዱቤ የተሸጠ ዕቃ ትርፍ ሆኖ ተመዝግቦ፣ የኪራይ ቀን ሲደርስ ካዝናው ባዶ የሚሆንበትን ወር ቀድሞ ያሳያል። ለዚህ ክፍል ቢያንስ ግማሽ ቀን ይመደብ። በተግባር ግን መጨረሻ አካባቢ ስለሚመጣ ተጣድፎ ይታለፋል።

ደካማው ጎን የገበያ ጥናቱ ነው። ሠልጣኙ ከአዳራሽ ሳይወጣ «ደንበኞቼ ብዙ ናቸው» ብሎ ቅጹን ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የሽያጭ ትንበያ ሁሉ በዚህ ግምት ላይ ይቆማል። ከሥልጠናው በኋላ የሚደረገው ክትትልም ከአዘጋጁ በጀት መጀመሪያ የሚቀነሰው ነው።

በሂሳብና በገበያ ትምህርት ብቻ መተማመን አያዋጣም። በቶጎ 1,500 ጥቃቅን ነጋዴዎች ላይ ተካሂዶ በ2017 እ.ኤ.አ. በ«ሳይንስ» መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ተነሣሽነትን፣ ቀድሞ ማሰብንና እንቅፋትን መቋቋምን ያሠለጠነው ዘዴ ትርፍን 30 በመቶ እንዳሳደገ አሳይቷል። ከእሱ ጋር የተነጻጸረው የተለመደው የንግድ ሥልጠና (ይህኛው ጥቅል አይደለም) ያመጣው 11 በመቶ ሲሆን፣ እሱም በስታቲስቲክስ ከዜሮ የሚለይ አልነበረም፤ ማለትም በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ለአገር ልማት ሲታሰብ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ከ25 ሠልጣኞች አሥሩ በአንድ ሰፈር ተመሳሳይ ሱቅ ከከፈቱ ያንኑ ደንበኛ ይከፋፈላሉ እንጂ አዲስ ሥራ አልተፈጠረም። ዕቅድ ሲገመገም «ይህ እዚህ የሌለ ምን ያመጣል? ውኃው፣ ኃይሉና ጥሬ ዕቃው ከአምስት ዓመት በኋላም ይገኛል?» ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ለአዘጋጆች የምንመክረው አምስቱን ቀን መክፈል ነው፦ መጀመሪያ ሁለት ቀን፣ ቀጥሎ ሠልጣኙ ቢያንስ 20 ገዢዎችንና ሦስት ተፎካካሪዎችን የሚያነጋግርበት አንድ ሳምንት፣ ከዚያ ለስሌትና ለዕቅድ ሦስት ቀን። የክትትል ጉብኝት በመጀመሪያው፣ በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር ይሁን፤ በየጉብኝቱ በቅድሚያ የሚታየው የሽያጭና የወጪ መዝገቡ ነው።