ከደሴ አዲስ አበባ ልጅ ይዞ ለመዝናናት፦ ብር የሚበላውና የማይበላው

ትምህርት ሊዘጋ ሲል ስልኬ ዕረፍት የለውም። «ልጁን አንድ ቦታ ላጫውተው ነበር፣ የት ይሻላል?» ይሉኛል። ሳልመልስ «ስንት ይፈጃል?» ይከተላል። ለእያንዳንዱ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ደግሞ የጎረቤቴ ነገር አንገብግቦኛል። አዲስ አበባ ፓርክ መግቢያ፣ አልጋና ትራንስፖርት በአንድ ላይ የያዘ «ፓኬጅ» ገዛች። አልጋው «ለፓርኩ ቅርብ» የተባለው ከተማው ዳር ሆኖ ተገኘ። በየቀኑ የታክሲው ብር ከኪሷ ወጣ። «ሁሉንም ጨዋታ ይጫወታል» የተባለው ልጅ ደግሞ በር ላይ ቁመቱ ተለክቶ ከአብዛኛው ጨዋታ ተመለሰ። ልጁ አራት ዓመቱ ነው። ይህን ሻጩ አያውቅም ነበር አትሉኝም። ብሩን ማን ይመልስላት?

ስለዚህ አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ልጁ ከአራት ዓመት በታች ከሆነ ደሴ አጠገብ ካለችው ከሐይቅ ከተማ አትለፉ። አራት ካለፈ አዲስ አበባ፣ በአውቶቡስ፣ አንድነት ፓርክ። በየጨዋታው የሚከፈልበት ቦታ የመጨረሻ ምርጫዬ ነው።

ለትንንሾቹ ሐይቅ

ከደሴ በወልዲያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤት ይገባል። የአልጋ ወጪ የለም፤ ይሄ ብቻውን ትልቅ ብር ነው። የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ ውሃ፣ ጀልባና ወፍ ካየ ሌላ አይጠይቅም።

ጀልባ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ዋጋው በሰው ነው ወይስ ለጀልባው? ደርሶ መልስ ነው ወይስ ለመሄጃ ብቻ? ዓሣም እንዲሁ ነው። ሳይጠበስ መጠኑን አይታችሁ ዋጋውን ተነጋገሩ፤ ለልጅ አጥንት የሌለውን ፊሌቶ ጠይቁ። ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ለመሄድ ካሰባችሁ ሴት እንደማይገባ አስቀድማችሁ እወቁ። እናት ሴት ልጇን ይዛ ለዚያ ብላ ጀልባ አትክፈል።

ከመጫወቻ ሱቅ የሚገዛው በአፍ የሚነፋ ጎማ የሕይወት ማዳኛ አይደለም። መጫወቻ ነው። መንፊያው ላይ ያለችው ክዳን ትላላለች፤ ስፌቱም ፀሐይ ሲመታው ይለቃል። ለልጁ ልክ የሆነ ጃኬት ጀልባው ላይ ከሌለ ዳር ላይ ይጫወት።

እዚሁ ከተማችን በዓል ሲደርስ ባዛር ላይ የሚተከለው በአየር የተነፋ መዝለያም አለ። ርካሽ ነው፤ ልጅም ይወደዋል። ግን የቆመው በማያቋርጥ ንፋስ ነው። መብራት ከጠፋ ንፋሹ ይቆማል፤ ሸራውም ልጆቹ ላይ ይወድቃል። መብራት እንዴት እንደሚሄድብን ታውቃላችሁ። ጄኔሬተር መኖሩን ጠይቁ፤ ገመዶቹ መሬት ላይ በካስማ መታሰራቸውን በዓይናችሁ እዩ። አንዱ ጥግ ሲነሳና ሲወድቅ ካያችሁ ልጁን አታስገቡ። ትልልቅ ልጆች ሲዘሉበትም ትንሹን አታስገቡት።

አውቶቡስ ወይስ አውሮፕላን?

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውቶቡሱ ቀኑን ይበላል። አውሮፕላኑ ከኮምቦልቻ ተነስቶ ከአንድ ሰዓት በማይበልጥ ጊዜ ያደርሳል። ጊዜን ብቻ ብናይ ነገሩ ያለቀ ነው።

ብሩን እንቁጠር። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በጭን ሆኖ የሚከፍለው ከአዋቂው ጥቂቱን ነው። ሁለት ከሞላው ግን የራሱ መቀመጫ ይገዛለታል። እናት፣ አባትና ልጅ ደርሶ መልስ ስድስት ትኬት ማለት ነው። የደሴ ሰው ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ኮምቦልቻ መድረስ አለበት፤ የሐረጎን ቁልቁለት ለመውረድ የኮንትራት መኪና፣ ከቦሌ ከተማ ለመግባት ሌላ ታክሲ። ኮምቦልቻ ያላችሁ የመጀመሪያውን ትተርፋላችሁ። በእኔ ስሌት ስድስቱ ትኬት የሚበላው ብር አዲስ አበባ ላይ ልጁን የምታጫውቱበትና የምታበሉበት ብር ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ካላችሁ ደግሞ ከላይ እንዳልኩት ፓርክ ምን ያደርግለታል?

ስለዚህ አውቶቡስ። ግን በአግባቡ። «ልጁን እቅፍ አድርጌው እሄዳለሁ» ብላችሁ መቀመጫ አትቆጥቡ። ቀኑን ሙሉ ልጅ ጭን ላይ ይዞ መሄድ ለእናትም ለልጅም ስቃይ ነው። ሦስት ሰው የሚያስቀምጠውን ጎን በሙሉ ያዙ፤ ልጁ ይተኛበታል። ቦታችሁ ወደ ፊት ይሁን፤ ኋላ ያለው ነው የሚናጠው። ደላላ «ቦታ ይዤላችኋለሁ» ካለ ታሪፉን ከትኬት ቢሮው ራሳችሁ አረጋግጡ።

ጠዋት ወተት አትስጡት። ደረቅ ዳቦና ውሃ ይበቃል፤ ወንበሩ ኪስ ውስጥ ሁለት ፌስታል ይኑር። ልብሱ ደራርቦ የሚለበስ ይሁን። ከሚሴና ሸዋ ሮቢት ላይ ይሞቃል፤ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ሲወጣ ብርዱ ይመጣል። ወፍራም ሹራብ ይዛችሁ ከሻንጣ ጋር ጣሪያ ላይ ከሰቀላችሁት ጥቅም የለውም። መንገዱ ክፍትና ሰላም መሆኑን ደግሞ በዋዜማው መናኸሪያ ጠይቁ። ሌሊት በሚጓዝ መኪና ልጅ ይዛችሁ አትሳፈሩ፤ በማንኛውም ቅናሽ ቢሆን።

ፓርኮቹ

በየጨዋታው የሚከፈልባቸው ቦታዎች አሉ፤ ቦሌ እንዳለው ቦራ ዓይነት። የሚሽከረከር ፈረስ፣ የሚጋጭ መኪና፣ ትንሽ ባቡር። ልጅ ሲያያቸው ዓይኑ ይበራል፣ እውነት ነው። አባትና እናት ግን ሒሳቡን ቁጭ ብለው ይሥሩ። አንድ ጨዋታ 100 ብር ነው እንበል። ትንሽ ልጅ ብቻውን አይወጣም፤ አንዳችሁ አብራችሁ ትወጣላችሁ። 200 ሆነ። ጨዋታው በደቂቃዎች ያልቃል። «እማ፣ አንዴ ብቻ!» ይላል። 400። ሦስት ዓይነት ጨዋታ ሁለት ሁለት ጊዜ ከሆነ 1,200 ብር ሄደ፤ ገና ለምሳ ሰዓት አልደረሰም። ውሃ፣ ጁስና ፊኛ ሳይጨመር ነው።

አንድነት ፓርክ የተለየ ነው። በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው። አንዴ ከፍላችሁ ትገባላችሁ፤ ከዚያ ቀኑ የእናንተ ነው። ሲከፈት መደበኛው መግቢያ 200 ብር፣ ልዩው 1,000 ብር ነበር። የዛሬውን ከመነሳታችሁ በፊት አረጋግጡ፤ የልጅ ዋጋ ከስንት ዓመት እንደሚጀምርም አብራችሁ ጠይቁ። የምመክረው መደበኛውን ነው። የአምስት ዓመት ልጅ አንበሳውን ሲያይ ትኬቱ ልዩ ይሁን ተራ አያውቅም። ልዩነቱን ለምሳ አድርጉት።

እዚያ አንበሳና ሌሎች እንስሳት አሉ። የምኒልክ የግብር አዳራሽ አለ። የየክልሉ ማሳያ አለ፤ አትክልቱ፣ ሣሩ፣ መንገዱ ሰፊ ነው። ልጅ ሮጦ ይደክማል፤ ለሩጫው የሚከፈል ነገር የለም። ትልቁም ሰው የሚያየው ነገር አለው፤ አያቱን ይዛችሁ ብትሄዱ አይሰለቹም። ልጅ በሚጫወትበት ቦታ ሌላው ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ መዋሉ ለእኔ ግማሽ ብር መጣል ነው። ቤተ መንግሥት ስለሆነ ፍተሻ አለ፤ መታወቂያ ያዙ፤ ዕቃ አታብዙ። በማለዳ ግቡ። እንስሳት ጠዋት ይንቀሳቀሳሉ፤ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ፈልገው ይተኛሉ። ልጁም እንደዚያው ነው።

ወዳጅነት ፓርክ ለምሽት ይሆናል። በሙዚቃ የሚጨፍረውን ፏፏቴ ለማየት ከመምሸቱ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ግቡ። ከአንድነት ብዙ አይርቅም፤ በአንድ ቀን ሁለቱን ማዳረስ ይቻላል፤ ልጁ ከሰዓት ከተኛ ማለት ነው።

እንጦጦን ብዙ ሰው ይመክራል። እኔ አልመክርም፤ ለእኛ ልጆች ማለቴ ነው። ፈረስ፣ ዚፕላይን፣ የውድድር መኪና ይባላል፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይከፈልበታል፤ አብዛኛውም ለትንሽ ልጅ አይሆንም። የቀረው ባህር ዛፍና ብርድ ነው። ደሴ ላይ ጦሳ ተራራ ሥር ያደገ ልጅ ባህር ዛፍና ብርድ ለማየት 400 ኪሎ ሜትር አይሄድም።

ልጁ የሚጋጭ መኪናውን ካላየ አልሄድም ካለ እሺ በሉት። ግን የመጨረሻው ቀን ከሰዓት አድርጉት፣ ከቅዳሜና እሑድ ውጪ፤ ሰልፉ ያጥራል። በር ላይ «ይህን ያህል ጨዋታ ነው ያለህ» ብላችሁ ቁጥሩን ተስማሙ። ካርድ የሚሞላበት ቦታ ከሆነ ትንሽ ትንሽ ሙሉ፤ የተረፈውን ይመልሱ እንደሆነ ሳትጠይቁ ብዙ አታስገቡ። ቤት ውስጥ ልጁን ግድግዳ ላይ አስጠግታችሁ በሜትር ለኩት። ቁመቱን ይዛችሁ ደውሉ። ጎረቤቴን ያን ሁሉ ያስወጣት ይህን የነገራት ሰው ስላልነበረ ነው።

የልጅ ጋሪ ነገር

ለጉዞው ብለው ጋሪ የሚገዙ አሉ። እህቴ ገዝታ ነበር። ሻጩ «ኦርጅናል ነው» አላት፤ ጨርቁ ያምራል፣ የታወቀ ስምም ተለጥፎበታል። የኮብልስቶን መንገድ ላይ የፊት እግሩ ጎማ ተሰንጥቆ ወጣ። ሲፈታ የታየው ነገር፣ ጎማው የሚሽከረከርበት ዘንግ ፕላስቲክ ነው። ኮምቦልቻ ብየዳ ቤት ወስደነው ብረት ዘንግ ገባለት። ብረቱ አልተሰበረም፤ አሁን ደግሞ በዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ተላላ። ሁለተኛ ጥገና፣ ሁለተኛ ክፍያ። በመጨረሻ ለጥገናው የወጣው ወደ መግዣው ዋጋ ተጠጋ፤ ጋሪው ግን አሁንም ወደ ግራ ይጎትታል።

መግዛት ካለባችሁ ሱቁ ውስጥ ገልብጡት። ዘንጉን በጣታችሁ ነካ አድርጉ፤ ብረት ይቀዘቅዛል። ጎማውን ያዙና ወደ ጎን ወዝውዙት፤ ከተንቀጠቀጠ ተዉት። ፍሬኑን ረግጣችሁ ግፉት። ስሙ ላይ ፊደል የተሳሳተበት ካለማ ተነጋግረን ጨርሰናል። ከሦስት ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ግን ጋሪ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ማዘያ በቂ ነው፤ ፍተሻም ላይ አያስቸግርም፤ አውቶቡስ ላይ ቦታ አይይዝም፤ አይበላሽም።

ፓርክ በር ላይ የሚሸጠውን የሚያበራ አሻንጉሊትም ተዉት። ውስጡ ያለችው እንደ አዝራር ጠፍጣፋ ባትሪ ናት። ክዳኑ ያለ ቡሎን የሚከፈት ከሆነ ልጅ አውጥቶ ይውጣታል፤ ጉሮሮ ላይ ከቀረች በሁለት ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ታቃጥላለች። ልጅ ከዋጠ ወዲያው ሆስፒታል ነው፤ «ትወጣለች» ተብሎ አይጠበቅም።

መቼና የት ማደር

ሐምሌና ነሐሴ ልጆች የሚያርፉበት ጊዜ ነው፤ አዲስ አበባ ግን ዝናብ ነው። ከቤት ውጪ ያለ ጨዋታ ዝናብ ሲመጣ ይቆማል፤ የከፈላችሁት ቀን ጣሪያ ሥር ያልቃል። የጥር መጨረሻውን የሴሚስተር ዕረፍት ምረጡ። ደረቅ ነው፤ በዓሉም አልፎ ስለሆነ መኪናው አይጨናነቅም።

ዘመድ ካላችሁ ዘመድ ቤት እደሩ። ባዶ እጅ ስለማይኬድ የስጦታውንም ወጪ አስቡት፤ ያም ሆኖ ከአልጋ ይረክሳል። ዘመዱ የሚኖረው ከተማው ጫፍ ከሆነ ግን አስቡበት። በየቀኑ ደርሶ መልስ ለራይድ የሚከፈለው ሲደመር አንዳንዴ ከፔንሲዮን ይበልጣል። ፔንሲዮን ከሆነ አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ አካባቢ ፈልጉ። አንድነት፣ ወዳጅነትና ሉሲ የምትገኝበት ብሔራዊ ሙዚየም ሁሉም በቅርብ ናቸው። ክፍሉን ሳታዩ አትክፈሉ፤ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ራሳችሁ ከፍታችሁ ሞክሩ። ለልጁ ተጨማሪ ያስከፍሉ እንደሆነ ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት ተነጋገሩ።

የመመለሻ ትኬታችሁን አዲስ አበባ በገባችሁበት ቀን ቁረጡ። በመጨረሻው ቀን ሲሯሯጡ መኪናው ሞልቶ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። አንድ ሌሊት መጨመር ማለት አልጋ፣ እራት፣ ቁርስና የጠዋት ታክሲ ለሦስት ሰው ነው።