ቀን የሚቆጥር ጉባዔ፦ በደብረ ብርሃን የአንድ እድር የአቤቱታና የሕግ ምክር አገልግሎት ሲገመገም

በደብረ ብርሃን ከተማ የሚገኝ አንድ የሠፈር እድር በወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከመደበኛ ስብሰባው ለይቶ፣ ጉዳይ ላለበት ሰው ሁሉ አዳራሹን ይከፍታል። መሬቱ ለልማት የሚወሰድበት ገበሬ፣ ከሥራ የተሰናበተ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከኪራይ ቤት ውጣ የተባለ ተከራይ፣ የውርስ ክርክር ያለባት እናት ወረቀታቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ በፈቃደኝነት የሚያገለግሉ የሕግ መምህራንና የመጨረሻ ዓመት የሕግ ተማሪዎች ወረቀቱን አንብበው ምክር ይሰጣሉ፤ ማመልከቻ የሚያስፈልገውም እዚያው ይጻፍለታል። አገልግሎቱ ክፍያ የለውም። የሠፈሩ ሰው «የአቤቱታ እሑድ» እያለ ይጠራዋል። እኔም በመጀመሪያ የራሴን ጉዳይ ይዤ፣ ከዚያም የሌሎቹን ለመስማት ስመላለስ ቆይቻለሁና፣ ለመሄድ ለሚያስቡ ሰዎችም ሆነ በየሠፈራቸው ተመሳሳይ ነገር ለመጀመር ለሚፈልጉ እድሮች ይጠቅም እንደሆነ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ስለ ፍትሕ የሚነገርባቸው ስብሰባዎች በከተማችን ጠፍተው አያውቁም። በሆቴል አዳራሽ ባነር ተሰቅሎ፣ ውሎ አበል ተከፍሎ የሚካሄዱ አሉ፤ ከመድረኩ ረጅም ንግግር ተደርጎ ለነዋሪው ጥቂት ደቂቃ የሚተርፍባቸውም አሉ። ከሁለቱም ዓይነት ስብሰባ ሰው ብሶቱን ተናግሮ ወይም የሌላውን ብሶት ሰምቶ ይወጣል፤ በማግስቱ ወደ የትኛው ቢሮ፣ ምን ይዞ፣ እስከ መቼ ድረስ መሄድ እንዳለበት ግን አያውቅም። የዚህ እድር ጉባዔ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አማካሪዎቹ ለማንም ሰው የሚያቀርቡት የመጀመሪያ ጥያቄ «ደብዳቤው መቼ ደረሰዎ?» የሚል ነው። የተበደለ ሰው በደሉን ለመናገር ቸኩሎ ሲመጣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሊከብደው ይችላል፤ ነገር ግን በአገራችን ስንትና ስንት እውነተኛ ጉዳይ ቀኑ አልፎበት ብቻ ስለሚወድቅ፣ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ከባሶና ወረና ወረዳ የመጡ የአንድ አባት ጉዳይ ሲታይ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ደብዳቤውን በይዞታ ደብተራቸው ገጾች መካከል አጥፈው፣ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልለው፣ ከጋቢያቸው ሥር ይዘውታል። የእርሻ መሬታቸው ለኢንቨስትመንት እንደሚፈለግና የተተመነላቸው ካሳ ስንት እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ ነው። ደብረ ብርሃን የኢንዱስትሪ ከተማ እየሆነች በሄደች መጠን በዙሪያዋ ያሉ ገበሬዎች እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ደጋግመው አይተውታል። አባት ስለ ገብሱና ስለ ባቄላው ምርት፣ ከመሬቱ ጋር ስለሚቀረው የግጦሽ ቦታ፣ መሬት ስለሌላቸው ልጆቻቸው በሰፊው ተናገሩ። አማካሪዋ ወጣት ሳታቋርጥ ካዳመጠቻቸው በኋላ፣ በደብዳቤው አናት ላይ ያለውን ቀን በጣቷ እያሳየች፣ «አባቴ፣ ወረቀቱ እጅዎ የገባው በዚህ ቀን ነው ወይስ ቆይቶ?» ብላ ጠየቀቻቸው። አባት የሚካኤል ማግስት መሆኑን አስታወሱ። ቆጠራው ከዚያ ተጀመረ።

ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የመሬት ይዞታ የሚለቀቅበትንና ካሳ የሚከፈልበትን ሁኔታ የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ቅር የተሰኘ ባለይዞታ ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀናት ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚ አካል እንዲያመለክት ይፈቅዳል። ይኸው አዋጅ መሬቱን በቋሚነት ለሚለቅ ገበሬ የሚከፈለው ካሳ፣ ከመነሳቱ በፊት በነበሩት 3 ዓመታት ካገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ ተነሥቶ በ15 ተባዝቶ እንዲታሰብ ያዝዛል፤ በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ማባዣው 10 ነበር። አማካሪዋ ይህን ለአባት ያስረዳቻቸው የአዋጅ ቁጥር በመደርደር አልነበረም። የካሳ ሠንጠረዡን ረድፍ በረድፍ ጮክ ብላ አነበበችላቸው፤ «ገብስ» የሚለው ተነቦ ወደ ድምሩ ስታልፍ አባት «ባቄላውስ?» አሉ። ሠንጠረዡ ላይ ባቄላ አልነበረም። አቤቱታው የተጻፈው በዚህች ጥያቄ ዙሪያ ነው፤ በደሉን በጠቅላላው ከማማረር ይልቅ የተዘለለውን ሰብል፣ የመሬቱን ስፋትና የዓመቱን ምርት ጠቅሶ ትመናው እንደገና እንዲታይ የሚጠይቅ አንድ ገጽ ተኩል ማመልከቻ ወጣው። ቀኑም ገና አላለፈም ነበር።

በሥራ ጉዳይም አሠራራቸው ያው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሕግ ውጭ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው ለመመለስ የሚያቀርበው ጥያቄ በ3 ወር፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው በማለፉ፣ እንደሚታገድ ይደነግጋል። በከተማችን ፋብሪካዎች የሚሠሩ አብዛኞቹ ወጣቶች ይህን አያውቁም፤ አለቃው «ትንሽ ታገሡ፣ እንጠራችኋለን» እያለ ሲያቆያቸው ሦስት ወሩ ያልቃል። ጉባዔው ላይ ያገኘኋት አንዲት ልጅ በዚህ መንገድ ወደ ሥራ የመመለስ መብቷ አልፎባት፣ ያልተከፈላት የትርፍ ሰዓት ሒሳብ ግን ገና ጊዜ እንዳለው ተነግሯት፣ የሰዓት መመዝገቢያ ፎቶዋን ከስልኳ እያወጣች ክሷን አጻፈች። ለፍርድ ቤት የሚከፈለው ገንዘብ ለሌለው ሰው በደሃ ደንብ ክስ መመሥረት እንደሚቻልም የሰማሁት እዚያው ነው።

የራሴ ጉዳይ የቤት ኪራይ ነበር። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ከ2 ዓመት እንዳያንስ እንደሚያዝዝ ሰምቼ፣ መብቴ የተረጋገጠልኝ መስሎኝ ነበር የሄድኩት። አማካሪው ግን ተስፋዬን ከፍ ከማድረጉ በፊት አዋጁ በክልሎች ተፈጻሚ የሚሆነው ክልሎቹ በሚወስኗቸው ከተሞች መሆኑን አስረዳኝና፣ ይህ እስኪጣራ ድረስ ከአከራዬ ጋር በእጄ ባለው ውል መሠረት እንድነጋገር መከረኝ። ደስ የሚል መልስ አልነበረም። ሆኖም ለድሀ ሰው ነፃ የሚሰጥ ምክር ሲባል ብዙ ጊዜ የሚያስደስተውን ተናግሮ መሸኘት ስለሚቀናን፣ እንዲህ ያለውን ቀጥተኛነት ከአገልግሎቱ ዋና ዋና ጥንካሬዎች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

አሁን ስለ መዝገቡ ልናገር፤ ጉባዔውን ጉባዔ ያደረገው እርሱ ነውና። የእድሩ ጸሐፊ ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር ይዘው ከአማካሪዎቹ ጎን ይቀመጣሉ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ የባለጉዳዩ ስም፣ ጉዳዩ በአጭሩ፣ ወረቀቱ የደረሰበት ቀን፣ የመጨረሻው ቀንና «ተከታታይ» የተባለ ሰው ስም ይሰፍራል። ተከታታይ ማለት ባለጉዳዩን ይዞ ወደ ቢሮ የሚሄድ፣ ማመልከቻው ገቢ ሲሆን ቅጂው ላይ ማኅተምና ቁጥር መደረጉን የሚያይ እድርተኛ ነው። የሚቀጥለው ጉባዔ የሚጀምረው በአዲስ አቤቱታ አይደለም፤ ባለፈው ከተመዘገቡት መካከል ቀናቸው የቀረበው በስም እየተጠሩ፣ ተከታታዩ ተነሥቶ የደረሰበትን ይናገራል። ያልሄደ እድርተኛ ለምን እንዳልሄደ በሰው ፊት ይጠየቃል። ቀብር የቀረ ሰው በሚቀጣበት፣ መዋጮ ያልከፈለ በስም በሚነበብበት ቤት ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ስም መጥራት፣ መመዝገብ፣ ተራ ማስያዝ እድር ሲሠራበት የኖረ ሥርዓት ነው፤ እዚህ የተደረገው ያንኑ ሥርዓት ከለቅሶ ቤት ወደ ቢሮ ደጃፍ ማሻገር ነው። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ኤድስ በየቤቱ ሰው ሲጨርስ ብዙ እድሮች ለቀብር ብቻ የተቋቋምን ነን ማለታቸውን ትተው ታማሚ ወደ መጠየቅና ወላጅ አልባ ልጆችን ወደ መርዳት መሸጋገራቸውን የሚያስታውስ ሰው፣ ይህኛውንም እርምጃ ከዚያ የተቀጠለ አድርጎ ማየት አይቸግረውም።

የጋራ ጉዳይ ሲመጣ፣ ለምሳሌ ውኃ የጠፋበት ወይም የመንገድ መብራት የሌለው ሠፈር ሲያመለክት፣ እድሩ በራሱ ስም አይጽፍም። ነዋሪዎቹ ራሳቸው ይፈርማሉ፤ እድሩ አዳራሹን፣ ወረቀቱንና ጸሐፊውን ይሰጣል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የተረጋገጠው የመሰብሰብና አቤቱታ የማቅረብ መብት የእያንዳንዱ ሰው በመሆኑ አካሄዱ ትክክል ነው እላለሁ፤ ጉዳዩ ወደ አለመግባባት ቢያመራም የቀብርና የሐዘን አገልግሎቱ አብሮ አይታመምም።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው ግን ምስጋና አይደለም። ጉባዔው በትዳር ውስጥ የሚፈጸም ድብደባን የሚይዝበት መንገድ መስተካከል አለበት። አንዲት ሴት ባሏ እንደሚደበድባት ገና ተናግራ ሳትጨርስ፣ ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንድ አዛውንት «ይህ በሽማግሌ ያልቃል» ብለው ሦስት ሽማግሎች እንዲመረጡ ሐሳብ አቀረቡ፤ ብዙው ሰውም ተስማማ። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን የኃይል ድርጊት ወንጀል አድርጎታል፤ በአንቀጽ 648 ደግሞ ያለ ዕድሜ ጋብቻን ይቀጣል። የሕግ ተማሪዎቹ ይህን አሳምረው ያውቃሉ፤ ነገር ግን አባቶቻቸው በሚያህሉ ሰዎች ፊት ደፍረው ለመናገር ተቸገሩ። ሽምግልናን አከብራለሁ፤ የድንበርና የውኃ ጠብ ስንት ደም ሳያፈስ በሽማግሌ ፊት መብረዱን በሰሜን ሸዋ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። የተደበደበችን ሴት ግን «ታረቂ» ብሎ ወደዚያው ቤት መመለስ እርቅ አይባልም። ሴቶች ለብቻቸው፣ ከአዳራሹ ጎን ባለው ክፍል፣ ለሴት አማካሪ የሚናገሩበት ሰዓት መመደብ አለበት፤ እንዲህ ያለው ጉዳይም በመዝገቡ ላይ በስም እየተጠራ መነበብ የለበትም። የእድሩ ዳኛ ይህን ሳነሣላቸው በጥሞና ሰምተው ለኮሚቴው እንደሚያቀርቡት ነግረውኛል። እስካሁን የተለወጠ ነገር አላየሁም።

ሁለተኛው ጉድለት የተናጋሪዎች ተራ ነው። በሩ ለሁሉም ክፍት ነው ቢባልም ተራ የሚሰጠው መጀመሪያ ለእድርተኛ ነው። ከወለጋና ከሌላም ቦታ ተፈናቅለው በከተማችን መጠለያ ካምፖች የሚኖሩ ወገኖች እድርተኛ አይደሉም፤ ወርኃዊ መዋጮ የሚከፍሉበት ገቢም የላቸውም። ኢትዮጵያ የአገር ውስጥ ተፈናቃዮችን ስለ መጠበቅና መርዳት የተደረገውን የካምፓላ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቃለች፤ ሆኖም የመታወቂያ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ምዝገባና የጠፋ ሰነድ ጉዳይ ይዘው የሚመጡት ተፈናቃዮች ተራቸው ሲደርስ መሽቶ፣ አማካሪዎቹም ደክመው ነው። አንዲት እናት ሕፃን አዝለው እስከ መጨረሻው ጠብቀው፣ በሚቀጥለው ወር እንዲመለሱ ተነገራቸው። ቀን በመቁጠር የሚታወቅ ጉባዔ ለእኚህ እናት አንድ ሙሉ ወር ማባከኑ ሊያሳስበው ይገባል። መፍትሔው ከባድ አይደለም፦ ተራው በአባልነት መሆኑ ቀርቶ በመጨረሻው ቀን ቅርበትና ከሩቅ በመምጣት ይሁን።

አዳራሹ ሰፊ ነው፤ አግዳሚ ወንበሮቹ የድንኳን ወንበሮች ስለሆኑ ጀርባ የላቸውም። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለች ከተማ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ብርድ ቀላል ስላልሆነ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር የሚሄድ ሰው ደርቦ ይልበስ። የእድሩ ሴቶች ቡናና የገብስ ቆሎ ያቀርባሉ። አዳራሹ የድምፅ ማጉያ የለውም፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው መዝገቡ ሲነበብ በግልጽ አይሰማም፣ ስለዚህ ወደ ፊት ቀረብ ብሎ መቀመጥ ይሻላል።

መሬት፣ ሥራ ወይም ውል ነክ ጉዳይ ላለው ሰው ይህን አገልግሎት ያለ ማመንታት እመክራለሁ። በትዳር ውስጥ ጥቃት ለደረሰባት ሴት ግን ጉባዔው እስኪስተካከል ድረስ በቀጥታ ወደ ፖሊስና ወደ ጤና ተቋም ብትሄድ ይሻላታል፤ አብሯት የሚሄድ ሰው ከፈለገች አማካሪዎቹን ከአዳራሹ ውጪ ማነጋገር ትችላለች። ለሁላችሁም፦ ዋናውን ሰነድና ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፤ የይዞታ ደብተር ወይም ካርታ ካለ አትርሱ፤ የሰው ምስክር ካላችሁ ስሙንና የሚኖርበትን ቀበሌ ጻፉ። ከሁሉ በፊት ግን ማንኛውም ደብዳቤ በእጃችሁ በገባ ጊዜ፣ የሰጣችሁ ሰው ቆሞ ሳለ፣ የተቀበላችሁበትን ቀን በጀርባው ላይ ጽፋችሁ አስፈርሙት።