ከጎረቤት መኮረጅ ይሻላል ወይስ አንድ የጋራ ሕግ?

የሰሜን አውሮፓዎቹ ኖርዲክ አገሮች የካርበን ታክስን (በነዳጅ ላይ በሚለቀው ካርበን ልክ የሚጣል ግብር) የተማማሩት በመተያየት ነው፣ ፊንላንድ በ1990 (እ.ኤ.አ.) ጀመረች፣ ስዊድንና ኖርዌይ በ1991፣ ዴንማርክ በ1992 ቀጠሉ፣ ታሪፉን ግን ሁሉም በየራሱ ልክ ነው የሰፋው። የአውሮፓ ህብረት ደግሞ በ2005 የጋራ የካርበን ገበያ ከፈተ፣ ፋብሪካው ለሚለቀው ለእያንዳንዱ ቶን ካርበን ዳይኦክሳይድ ፈቃድ ያስረክባል፣ ካነሰው ይገዛል ከተረፈው ይሸጣል። ችግሩ መጀመሪያ ላይ ፈቃዱን እንደ ጉድ በተኑትና በ2007 ዋጋው ዜሮ አካባቢ ወረደ፣ ያውም በሁሉም አገር በአንዴ! ታክስ ላይ አንዱ ቢሳሳት ጎረቤቱ አይቶ ያርማል። ግን ፋብሪካው ድንበር ተሻግሮ እንዳይሄድ ተብሎ የታክስ ቅናሽ ይመጣል፣ ስዊድንም ለኢንዱስትሪዋ ሰጥታ ነበር። እኔ ብሆን በመኮረጁ ነው የምጀምረው፣ የጋራ ገበያው በኋላ ይደርሳል፣ ስዊድን ራሷ አሁን ሁለቱንም ነው የምትጠቀመው።