ስምንት ወር የለበስኩት የሩጫ ቁምጣ፦ «ይለምድሻል» ላለኝ ሻጭ

ቁምጣውን መስከረም ላይ መርካቶ ገብቼ በ1,800 ብር ገዛሁት። አሁን ግንቦት ነው። ቀለሙ አልለቀቀም፣ የወገቡ ላስቲክ አልላላም፣ ማታ አጥቤ ባሰጣው ጠዋት ደርቆ ይጠብቀኛል። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም። ያናደደኝ ከአንዲት ጣት የማይረዝም ስፌት ነው፤ በውስጡ ያለው መረብ ብሽሽት ላይ የሚጋጠምበት።

ስገዛው በእጄ ዳስሼው ነበር። «ይህ ነገር አይሻክርም?» ብዬ ጠየቅሁ። ሻጩ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «እህቴ፣ ለበስ ለበስ ስታደርጊው ይለምድሻል» አለኝ። አመንኩት።

የምሮጥባት ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። ኅዳር ላይ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። በእንዲህ ያለ ደረቅ ብርድ ሲሮጥ ላቡ ሳይታወቅ ይተናል፣ ጨው ግን ስፌቱ ላይ ይቀራል። አንድ ቅዳሜ በአቅራቢያችን ወዳለችው ጫጫ ከተማ በሚወስደው መንገድ 18 ኪሎ ሜትር ልሮጥ ወጣሁ። ይህን መንገድ እወደዋለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በሴቪያ የዓለም ሻምፒዮና በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያጠለቀችው ጌጤ ዋሚ የጫጫ ልጅ ናትና። 12ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ስፌቱ ብሽሽቴን ይበላኝ ጀመር። ቤት ስደርስ ብሽሽቴ በሁለቱም በኩል ተላልጦ፣ ገላዬን ልታጠብ ውኃ ሳፈስበት ግድግዳውን ይዤ ጮኽሁ። አራት ቀን ሳልሮጥ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ቫዝሊን ተቀባሁ፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ይረዳል፣ ከዚያ ይጠፋል። ገልብጬም ሞከርኩት። እስከ ጥር ድረስ «ይለምደኛል» እያልኩ ታገስኩ። ጫማ ይለመዳል፣ ቆዳው እየለሰለሰ የእግርን ቅርጽ ይይዛል። ጠንካራ ክር ግን ምን ሊለምድ ነው?

በመጨረሻ ለሰፈራችን ልብስ ሰፊ ወሰድኩላቸው። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ቁምጣውን ገለበጡና በአውራ ጣታቸው ጥፍር ስፌቱን ፈተሹት። ጥፍራቸው ሦስት ቦታ ላይ ቆመ። «ልጄ፣ ይህማ የመጋረጃ ስፌት ነው» አሉኝ። ቁምጣውን የሠሩት ሰዎች ሁለቱን ጨርቅ ደርበው በኦቨርሎክ፣ ማለትም ጠርዝ በክር በሚጠቀልል ማሽን፣ ጠርዙን ጠቅልለውታል፤ ስለዚህ እንደ ገመድ ጎልቶ ቆሟል። ገላ የሚነካ ስፌት ግን ጠፍጣፋ መሆን አለበት። እትዬ በምላጭ ክሩን አንድ በአንድ እየፈቱ መረቡን አወጡልኝ። አሁን ከሥር ታይት እለብሳለሁ፤ ማለትም ለአንድ ቁምጣ ሁለት ጊዜ ከፈልኩ።

ሻጩ ቢሰማኝ «ጨርቁ ላብ አይዝም አላልኩሽም?» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ብለኸኛል፣ እውነትም ነው፤ ፖሊስተር እንደ ጥጥ ውኃ ጠጥቶ አይከብድም። እኔ ግን የጠየቅሁህ ስለ ስፌቱ ነበር። «ሩጫ ያለ ስቃይ አይሆንም» ብትለኝም አልቀበልህም። የዳገቱን ስቃይ ፈልጌ ነው የምወጣው፤ ይህኛው ግን ቁምጣውን የሰፋው ሰው ቸልተኝነት ነው።

ልትገዙ የምትሄዱ፣ ሱቁ ውስጥ አትፈሩ፤ ቁምጣውን ገልብጡት። የብሽሽቱን ስፌት በክንዳችሁ ውስጠኛ ቆዳ ላይ ጫን እያደረጋችሁ ሃያ ጊዜ አመላልሱት፤ ከቀላ ተዉት። ለብሳችሁ ጉልበታችሁን እስከ ወገብ አንሱ፣ ጨርቁ ጭናችሁን ከያዘ ሲሮጥ ይብሳል። ርዝመቱንም አስቡበት፦ የእኔ ከብሽሽት እስከ ጠርዝ 13 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለእርምጃ ቀላል ቢሆንም፣ ጭናቸው እርስ በርሱ ለሚነካካ 18 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው ይሻላል። የቁልፍ ኪሱ ከኋላ መሐል ላይ ቢሆን አይወዛወዝም።

ይገዛ ወይ ለምትሉኝ፣ አይገዛ። ጨርቁ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን አይገዛ።

የወጣውን መረብ አልጣልኩትም። በፌስታል ጠቅልዬ ከሩጫ ጫማዬ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። በሚቀጥለው ወር አዲስ አበባ ስገባ ያንኑ ሱቅ ፈልጌ ጠረጴዛው ላይ እዘረጋለታለሁ፤ እሱም ጥፍሩን ያሳልፍበት።