ነትክራከር፦ የጥንቱ ይሻላል ወይስ የሰፈሩ?

አሜሪካ ውስጥ ገና ሲደርስ ነትክራከርን፣ ማለትም ሩሲያዊው ቻይኮቭስኪ ሙዚቃውን የጻፈለትን የባሌ (ታሪክ በጭፈራ የሚነገርበት) ትርኢት፣ የማያሳይ የባሌ ቡድን ማግኘት ይከብዳል። ከብዙዎቹ ሁለቱን ላነጻጽር፤ የኒውዮርክ ሲቲ ባሌን እና የቦስተኑን ኧርባን ነትክራከር።

የኒውዮርኩን የጭፈራ አቀናባሪው ጆርጅ ባላንሺን በ1954 እ.ኤ.አ. አዘጋጀው። ታሪኩ የሀብታም ቤት ግብዣ ላይ ይጀምራል። ከዚያ የገና ዛፉ ማደግ ይጀምራል፤ 12 ሜትር ገደማ እስኪደርስ ድረስ! የወረቀት በረዶው ሲዘንብማ ትልቅ ሰው ሳይቀር አፉን ይከፍታል። ለዓይን ድግስ ከፈለጋችሁ፣ ምርጫው ያለቀለት ነው።

የቦስተኑ ግን ወደ ከተማው ጎዳና ይወርዳል። አንተኒ ዊሊያምስ በ2001 ጀመረው። ባሌው ከሂፕ ሆፕና በጫማ ወለሉን እየመቱ ከሚጨፈረው ታፕ ዳንስ ጋር ይቀላቀላል።

እኔን የገዛኝ ሙዚቃው ነው። ቻይኮቭስኪ ስኳር ፕለም ፌሪ ለምትባለው ገጸ ባሕርይ ጭፈራ ቼሌስታ የሚባል መሣሪያ መረጠ። ድምፁ እንደ ትንንሽ ደወል ጥርት ያለ ነው። የጃዝ ሙዚቀኞቹ ዱክ ኤሊንግተንና ቢሊ ስትሬይሆርን በ1960 ያንኑ ዜማ ለሳክስፎን ሰጡት። ቀስ ብሎ፣ እየተጎተተ፣ ትንሽ ሞቅ እንዳለው ሰው ይሄዳል። የቦስተኑ ዝግጅት ቻይኮቭስኪንም ኤሊንግተንንም ይጠቀማል።

በእርግጥ የተለያየ የዳንስ ስልት ሲደባለቅ ታሪኩ አንዳንዴ ይበታተናል። የጥንቱም ቢሆን ሁለተኛው ክፍል ላይ ታሪክ የለውም፤ ጭፈራ ብቻ ነው (ይህን ለባሌ አፍቃሪ እንዳትነግሩብኝ)።

ልጅ ይዤ ከሆነ ኒውዮርክ። ብቻዬን ከሆንኩ ቦስተን፣ ያውም ከፊት ወንበር።