ቢላ የሚያጠቁረው ፈሳሽ፦ ለመጥረቢያ ይሁን፣ ለቁርጥ ቢላ ግን ይቅርብኝ

አሜሪካ ውስጥ ጠመንጃ የሚሸጥበት ሱቅ ከገባችሁ አታጡትም። ትንሽ ጠርሙስ ናት፣ ውስጧ ሰማያዊ ፈሳሽ። "ኮልድ ብሉ" ይሏታል። ብረቱን ማሞቅ ሳያስፈልግ በደቂቃ ታጠቁራለች ነው ነገሩ። የማን ምርት እንደሆነ ልተወው፤ የብዙዎቹ መሠረት አንድ ነው፣ ሴሌኒየስ አሲድና የመዳብ ጨው።

የቀባሁት ኦፒኔል ቁጥር 8ን ነው፣ የካርቦን ብረቱን፣ ማለትም ስቴንለስ ያልሆነውን። ከ1890 ጀምሮ ፈረንሳይ፣ ሳቩዋ ውስጥ የሚሠራ ታጣፊ ቢላ ነው፤ እጀታው እንጨት፣ ስለቱ 8.5 ሴንቲሜትር። ለቁርጥ ከሱ ሌላ አልፈልግም፣ እንደ ምላጭ ነው። ግን እርጥቡን ካደረ ዝጎ ይጠብቃችኋል። ስቴንለሱን የገዛችሁ ደግሞ ገንዘባችሁን አታባክኑ፤ ክሮሚየም ስላለው ፈሳሹ አይዘውም።

ዋናው ሥራ ያለው ጠርሙሱ ከመከፈቱ በፊት ነው። ስለቱን በቁጥር 400 ከዚያም በቁጥር 600 ብርጭቆ ወረቀት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ፈትጉት፣ በሳሙና እጠቡት፣ በአሴቶን ወልውሉት። ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ መንካት የለም! የጣት ቅባት ያረፈበት ቦታ ስለማይጠቁር፣ ሥራው ሲያልቅ የአውራ ጣታችሁ አሻራ ስለቱ ላይ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ፤ ሴሌኒየም መርዝ ነው።

በጥጥ ሲቀባ ማየቱ ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ብረቱ መጀመሪያ ቡናማ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ቢጤ ይሆንና ይጠቁራል። አንድ ደቂቃ ገደማ አቆይቶ በውሃ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ በጣም ቀጭን በሆነው ስቲል ውል (እንደ ሱፍ በተሠራ ቀጭን የብረት ክር) ቀለል አድርጎ ማሸት፣ እንደገና መቀባት። መጨረሻ ላይ ዘይት።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ጥቁሩ ነገር ብረቱ ላይ የተቀመጠ ስስ ሽፋን ነው። ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራው ጥቁር ኦክሳይድ ሌላ ነው፤ እዚያ ብረቱ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በደረሰ የኮስቲክ ሶዳና የናይትሬት ድብልቅ ውስጥ ተነክሮ ላዩ ራሱ ወደ ማግኔታይት፣ ማለትም ወደ ጥቁር የብረት ኦክሳይድ፣ ይለወጣል። ይሄኛው ግን ነጭ ጨርቅ ላይ ይለቃል፣ ትንሽ ካርቶን ከተቆረጠበት ጫፉ አካባቢ መንጣት ይጀምራል፣ ዘይት ካላገኘ ደግሞ ዝገቱንም እምብዛም አይከለክልም፣ ታዲያ ምኑን ነው የገዛሁት ያሰኛል። ምግብ ለሚነካ ቢላማ ጭራሽ አልመክረውም። ከአምስት ሁለት ኮከብ፣ እሱም ለጥቁረቱ።

ለወጥ ቤት የሚሆነው እቤታችሁ አለ። ወፍራም ቡና አፍልታችሁ ረጅም ብርጭቆ ውስጥ ጨምሩ፣ አቼቶ ጠብ አድርጉበት፣ እንደ ላይኛው አጽድታችሁ ያዘጋጃችሁትን ስለት ዘቅዝቃችሁ ንከሩት። እጀታውን ከውሃ አርቁ፤ የኦፒኔል እንጨት ከራሰ ያብጥና ቢላው አልታጠፍ ይላል። ቡናው ውስጥ ያለው አሲድና ታኒን ብረቱን ቀስ እያለ ያጠቁረዋል። ሰዓታት ይፈልጋል፣ ማታ ነክሮ መተኛት ነው፣ ከመተኛታችሁ በፊት ግን ወዝወዝ አድርጉት፣ ስለቱ ላይ የሚለጠፉት ትናንሽ አረፋዎች ነጠብጣብ ትተው ይሄዳሉ። አሲዱ ጫፉንም ስለሚበላው ጠዋት ታጥቦ መሳል አለበት።

የሚወጣው ቀለም ድፍን ጥቁር አይደለም፣ ጠቆር ያለ ግራጫ ነው፣ ለእኔ እንዲያውም ከጠርሙሱ ጥቁር ይበልጥብኛል። በዚያ ላይ ሥጋ በተቆረጠበት ቁጥር ሰማያዊ ቀለም ይጨምርበታል፣ ሽንኩርትም ሲከተፍበት እንደ አዲሱ ብረት አያጠቁርም።

የተረፈውን ፈሳሽ ለመጥረቢያ አስቀምጬዋለሁ። እናንተም ገዝታችሁ ከሆነ ሲንክ ውስጥ እንዳትደፉት፣ የከተማችሁ የኬሚካል ቆሻሻ መቀበያ ይወስደዋል።