ፒን ከተርሚናል ለማዘዝ የትኛውን ቦርድ እንግዛ?

ቦርድ፣ ማለትም ሽቦ የሚያያዝባቸው ፒኖች ያሉት ትንሽ ኮምፒውተር፣ ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩ መጀመሪያ የሚነግራችሁ የፕሮሰሰሩን ፍጥነትና የራሙን መጠን ነው። አንድ ፒን ለማብራትና ለማጥፋት ግን ሁለቱም ብዙ አይፈይዱም። እኔ ሰው ሲያማክረኝ የምጠይቀው ሌላ ነው። ተርሚናል በሚባለው የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት ላይ ትእዛዙን ጽፋችሁ ኢንተር ከተጫናችሁ በኋላ ፒኑን ማን ይዞት ይቆያል? መብራት ሄዶ ሲመጣ ፒኑ በምን ሁኔታ ይነሳል? ቦርዱስ ስንት ሰዓት እንደሆነ ያውቃል?

ይህን መጠየቅ የጀመርኩት ቤቴ በደረሰብኝ ነገር ነው። ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው ሌሊት ነው። ታች ካለው ሮቶ ወደ ጣሪያው የሚገፋ ፓምፕ አለን። ሌሊት እየተነሱ ማብራት ስለሰለቸኝ ሥራውን ራስበሪ ፓይ ለሚባል ቦርድና ለአንድ ሪሌይ (በትንሽ ምልክት ትልቅ መስመር ለሚያበራና ለሚያጠፋ ማብሪያ) ሰጠሁት። አንድ ሌሊት መብራት ሄዶ ተመለሰ። ፓምፑም ማንም ሳያዘው ተነሳ። የታችኛው ሮቶ ባዶ ነበር። ጠዋት ስወጣ ፓምፑ በደረቁ ሲሠራ አድሮ ተቃጥሏል። ፓምፑ ደግሞ ከቦርዱ በብዙ እጥፍ ይወደዳል።

ጥፋቱ የፕሮግራሜ አልነበረም። ፒኑን ስመርጥ ነው የተሳሳትኩት። በራስበሪ ፓይ ላይ ከ0 እስከ 8 ያሉት ፒኖች ቦርዱ ሲነሳ በደካማ ኃይል ወደ ላይ፣ ወደ 3.3 ቮልት፣ ይሳባሉ። ከ9 እስከ 27 ያሉት ወደ ታች፣ ወደ ዜሮ፣ ይሳባሉ። እኔ የያዝኩት 4ን ነበር። ሪሌዩ ደግሞ ትንሽ ምልክት ሲያገኝ የሚነሳ ዓይነት ነው። ስለዚህ ፓምፕ ወይም ማሞቂያ የምታዙ ከሆነ ፒኑ ከፍ ሲል የሚበራ፣ በ3.3 ቮልት የሚሠራ የሪሌይ ሞጁል ግዙ። ፒኑን ከ9 በላይ ካሉት ምረጡ። ገበያ ላይ የሚበዙት ዝቅ ሲል የሚበሩት ባለ 5 ቮልት ሞጁሎች ናቸው። አንዳንዶቹ በፓይ 3.3 ቮልት በደንብ አይጠፉም። ሳትጠይቁ አትግዙ።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ። ቦርዱን የሚመርጡላችሁ እነሱ ናቸው።

የቆየ መመሪያ ካገኛችሁ ፒኑን በ«ኤኮ» ትእዛዝ ፋይል ላይ እየጻፋችሁ እንድታበሩ ይነግራችኋል። ሲስኤፍኤስ የሚባለው መንገድ ነው። የቦርዱ ሥርዓተ ክወና የሆነው ሊኑክስ 4.8ኛ ስሪቱ በ2016 ሲወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጠራው) ሌላ መንገድ ተተካለት። ቀላል ስለሆነ ሰው ይወደዋል፤ እኔም እወደው ነበር። ችግሩ ቁጥሩ እንዳለ አይቆይም። በራስበሪ ፓይ ላይ፣ በ6.6ኛው ከርነል (የሊኑክስ እምብርት)፣ 17 የምንለው ፒን በዚህ መንገድ 529 ሆኗል። ትናንት የሠራ ስክሪፕት ከማሻሻያ በኋላ ዝም ቢል ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ተተኪው ሊብጂፒአይኦዲ የሚባል የትእዛዞች ስብስብ ነው። ሊኑክስ ባለበት ቦርድ ሁሉ ስለሚሠራ እኔ መጀመሪያ የማስተምረው እሱን ነው። «ጂፒአይኦኢንፎ» የትኛው ፒን በማን እንደተያዘ ያሳያል። «ጂፒአይኦጌት» ያነባል። «ጂፒአይኦሴት» ይጽፋል። «ጂፒአይኦሞን» ደግሞ ፒኑ እስኪለወጥ ይጠብቃል። የሮቶው ተንሳፋፊ ማብሪያ ሲነሳ ፓምፑን ለማጥፋት የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የዚህ መሣሪያ 1ኛና 2ኛ ስሪት ጠባያቸው ይለያያል። ዴቢያን ከሚባለው የሊኑክስ ዓይነት 12ኛው ይዞ የመጣው 1ኛውን ነው፤ ዴቢያን 13 2ኛውን። በ1ኛው «ጂፒአይኦሴት» ፒኑን ጽፎ ይወጣል። ከወጣ በኋላ ፒኑ እንደነበረ ስለመቆየቱ ዋስትና የለም። በ2ኛው ትእዛዙ አይወጣም። እስክታቋርጡት ድረስ ፒኑን ይዞ ይጠብቃል። አጻጻፉም ተለውጧል፤ ፒኖቹን የሚያዘውን ቺፕ ስም ለመስጠት በ2ኛው «ሰረዝ ሲ» መጨመር ግድ ነው። ተርሚናሉ ተንጠልጥሎ ቀረብኝ ብለው የሚጨነቁ ጀማሪዎች አይቻለሁ። አልተንጠለጠለም፤ ፒኑን ይዞላችሁ ነው። ለፓምፕ እኔ 2ኛውን እመርጣለሁ፤ ፒኑን ማን እንደያዘው በግልጽ ይታወቃልና።

ፒንኮንትሮል የራስበሪ ፓይ የራሱ መሣሪያ ነው፤ በሌላ ቦርድ አይሠራም። በአንድ መስመር ፒኑን ውጤት አውጪ አድርጎ ያበራዋል፣ ትእዛዙ ካለቀ በኋላም እንደበራ ይቆያል። ለፍተሻ እጅግ ደስ ይላል። ነገር ግን በከርነሉ በኩል ስለማያልፍ ሌላ ፕሮግራም የያዘውን ፒን ሳይጠይቅ ይነጥቃል። ስለዚህ ሽቦ ስፈትሽ እጠቀምበታለሁ፤ ለዘወትር ሥራ ግን አልተማመንበትም።

ሰርቮ ሞተር ማዞር ወይም የመብራት ድምቀት መቀነስ ለምትፈልጉ ፒግፒዮ የሚባል ፕሮግራም አለ። «ፒግስ» በሚለው ትእዛዙ ከሌላ ኮምፒውተር ሆናችሁ በኔትወርክ ጭምር ታዙታላችሁ። ለፓይ 5 ግን አይሆንም። ዋይሪንግፓይ የሚባለው መሣሪያ ደግሞ የቀድሞ ወዳጃችን ነው። ዋናው ደራሲው በ2019 ትቶት ነበር፣ ኋላ ሌሎች ተረከቡት። የራሱ ቁጥር አለው። ለእሱ 0 የሆነው ፒን ለከርነሉ 17 ነው፤ ቦርዱ ላይ ስትቆጥሩት 11ኛው ቀዳዳ ነው። ሽቦ ከመሰካታችሁ በፊት መመሪያው በየትኛው ቁጥር እንደሚናገር አጣሩ። በፓይ ላይ «ፒንአውት» ብላችሁ ብትጽፉ ካርታውን ተርሚናሉ ላይ ይስልላችኋል።

ወደ ግዢው እንምጣ። ለእኔ ትክክለኛው ፉክክር በፓይ ዜሮ 2 ደብሊውና በፓይ 5 መካከል ነው።

ዜሮ 2 ደብሊው በ2021 ሲወጣ ዋጋው 15 ዶላር ነበር። እዚህ እስኪደርስ ብዙ ይጨምራል፤ ቢሆንም ከሁለቱ ርካሹ እሱ ነው። ራሙ 512 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ለተርሚናል ሥራ በቂ ነው። ከላይ ያነሳኋቸው መሣሪያዎች ሁሉ ይሠሩበታል። ኃይሉም ተራ የ5 ቮልት 2.5 አምፒር ቻርጀር ነው። ሁለት ጉድለት አለው። አንደኛ፣ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ፒን ሳይበየድበት ነው፤ 40 ባዶ ቀዳዳ ነው የሚመጣላችሁ። መበየድ ካልለመዳችሁ ፒን ያለውን ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ሰዓት የለውም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኢንተርኔት ከሌለ ሰዓቱ ይሳሳታል፤ ፓምፑም በማይሆን ጊዜ ይነሳል። ዲኤስ3231 የሚባለውን ባለ ባትሪ የሰዓት ሞጁል አብራችሁ ግዙ።

(ትእዛዝን በሰዓቱ በሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ክሮን ላይ ስትጽፉም ተጠንቀቁ። ሌሊት 8 ሰዓት ማለት ለእሱ 2 ነው። የሰዓት ቀጠናውን አዲስ አበባ ካላደረጋችሁት ደግሞ 3 ሰዓት ይዛነፍባችኋል።)

ፓይ 5 በ2023 ነው የወጣው። ሰዓት የሚቆጥረው ክፍል ቦርዱ ላይ አለ፣ ባትሪዋን መሰካት ብቻ ነው። ማብሪያ ማጥፊያ ቁልፍም አለው። ፒኖቹን የሚያዛቸው አርፒ1 የሚባል የተለየ ቺፕ ነው። ፒግፒዮና ሌሎች የቆዩ ፕሮግራሞች እምቢ የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። የድሮ ስክሪፕት ካላችሁ ይህን አስቡ። ኃይሉን በሙሉ ለማግኘት የ5 ቮልት 5 አምፒር ቻርጀር ይፈልጋል፤ የስልክ ቻርጀር አይበቃውም። በባትሪ ወይም በሶላር ለምታሠሩት ሰዎች ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ካሜራ ወይም ዳታቤዝ አብራችሁ የምታሠሩ ካልሆነ ለፒን ብቻ ፓይ 5 መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው እላለሁ። ያገለገለ ፓይ 3 ወይም ፓይ 4 ካገኛችሁ መሀል ላይ ጥሩ ምርጫ ነው።

ኦሬንጅ ፓይ የሚባለው ሌላ ቦርድ በዋጋው ይማርካል። ሊብጂፒአይኦዲ ይሠራበታል፤ የፒን ቁጥሩ ግን የሚሰላ ነው። ፒሲ7 የሚል የፒን ስም ብታገኙ፣ ኤ 0 ተብሎ ሲቆጠር ሲ 2 ስለሚሆን፣ 2 በ32 አባዝታችሁ 7 ትጨምራላችሁ፤ 71 ይመጣል። ትዕግሥት ላለው አይከብድም። ለመጀመሪያ ቦርድነት ግን አልመክረውም። ቢግልቦን ብላክ የሚባለው ቦርድ እስከ 65 የሚደርስ ፒን ስላለው ብዙ ማሽን ለሚያዙ ነው፤ ለቤት ይበዛል።

ራስበሪ ፓይ ፒኮ በሚባለው ትንሽ ቦርድ ላይ ጥቂት ልቆይ። በ2021 ሲወጣ 4 ዶላር ነበር። ሊኑክስ የለውም፤ በላፕቶፕ ሆናችሁ «ኤምፒሪሞት» በሚባል ትእዛዝ ነው የምታናግሩት። ግን ኤስዲ ካርድ ስለሌለው መብራት ሲቆራረጥ ካርድ ተበላሸ የሚል ጣጣ የለበትም። ወዲያው ይነሳል። ፒኖቹም ሲነሱ ወደ ታች የተሳቡ ናቸው። በኔትወርክ ገብቶ ማዘዝ የማይፈልግ ሰው፣ ተንሳፋፊ ማብሪያ አይቶ ፓምፕ እንዲያጠፋ ብቻ ከፈለገ፣ ከሁሉም ፓይ ይልቅ ፒኮን ይግዛ። እውነቱን ለመናገር፣ የእኔም ፓምፕ አሁን በእሱ ነው የሚጠበቀው። ዜሮው የቀረው ሰዓቱን አይቶ ለማዘዝና ከስልኬ ገብቼ ሁኔታውን ለማየት ነው።

ቦርድ ሳትገዙ በላፕቶፓችሁ መለማመድ ብትፈልጉም ይቻላል። ኤምሲፒ2221 የሚባል ቺፕ ያለበት የዩኤስቢ ሞጁል 4 ፒን ይሰጣችኋል። ሊኑክስ ላይ «ጂፒአይኦዲቴክት» ስትሉ እንደ ማንኛውም ቺፕ ይታያል።

የትኛውንም ብትገዙ የፓይን ፒን ከ3.3 ቮልት በላይ አታስነኩት፤ በአንዱ ፒንም ከ12 ሚሊአምፒር በላይ አትሳቡ። የ220ውን መስመር ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ስጡ፤ ፓምፑ ትልቅ ከሆነ ሪሌዩ ኮንታክተር (ትልቅ ኃይል የሚሸከም ማብሪያ) ያንቀሳቅስ እንጂ ፓምፑን በቀጥታ አይሸከም። ከዚያ ፓምፑን ሳታገናኙ ሪሌዩን ብቻ ስኩት። የቦርዱን ኃይል አሥር ጊዜ ንቀሉና መልሳችሁ ሰኩ፤ በየመሃሉ ቦርዱ ተነስቶ እስኪጨርስ ጠብቁ። ጆሯችሁን ጠጋ አድርጉ። አንዴም ቢሆን ሳታዙት ጠቅ ካለ ፒኑን ቀይሩና እንደገና ከአንድ ጀምራችሁ ቁጠሩ።